የኢ-መጽሐፍ ውሰት፦ የትኛው ፈቃድ ለየትኛው መጽሐፍ?

ቤተ መጻሕፍት የታተመ መጽሐፍ ሲገዛ መጽሐፉ የራሱ ይሆናል። ላሻው አንባቢ ያውሰዋል፤ ጥራዙ ሲላላ ያስጠርዘዋል፤ ሲበቃው ይሸጠዋል ወይም ለሌላ ቤተ መጻሕፍት ይሰጠዋል። ገንዘቡን የተቀበለው አሳታሚ ከዚያ በኋላ በዚያ ቅጂ ላይ የሚያዝበት ነገር የለም። በአሜሪካ ይህ «የመጀመሪያ ሽያጭ» መርህ ይባላል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1908 ቦብስ-ሜሪል በተባለው አሳታሚ ክስ ላይ በሰጠው ውሳኔ የጸና ነው። ኢ-መጽሐፍ ላይ ግን ይህ መርህ አልተሻገረም። ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፍለው ለማዋስ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ስንት ሰው እንደሚያነብበት፣ ዋጋውም ስንት እንደሆነ አሳታሚው ይወስናል። ጨርሶ አልሰጥም ቢልም የሚያስገድደው የለም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለቤተ መጻሕፍት ኢ-መጽሐፍ የመምረጥ ኃላፊነት ላለባቸው ሰዎች ነው። በስልኩ መጽሐፍ ለመዋስ ፈልጎ «ወረፋ ይጠብቁ» የሚል መልእክት የሚያገኝ አንባቢም ምክንያቱን እዚህ ያገኘዋል። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። አብዛኛው ምሳሌ የአሜሪካ የሆነው ፍልሚያው በግልጽ የተካሄደው እዚያ ስለሆነ ነው፤ የፈቃድ ዓይነቶቹ ግን በየትኛውም አገር ውል ውስጥ ይገኛሉ።

የምከራከርለት ነገር ይህ ነው፦ ፈቃድ ሲመረጥ ከዋጋው በፊት አበቃቀሙ ይታይ። አንዱ ፈቃድ በቀን ይሞታል፣ ሌላው በንባብ ያልቃል፣ ሌላው ሂሳብ መክፈል ሲቆም ይጠፋል። መጽሐፍም እንደዚሁ የየራሱ ዕድሜ አለው። ሁለቱ ካልተጣጣሙ ርካሹ ፈቃድ ውድ ሆኖ ይገኛል።

ጠቡ ከምን ተነሣ?

የአሳታሚዎቹን ስጋት አቅልሎ ማየት ተገቢ አይመስለኝም። የታተመ መጽሐፍ ለመዋስ አንባቢው ከቤቱ ይወጣል፤ መጽሐፉ ሰው እጅ ከሆነ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ቀኑን ካሳለፈ ይቀጣል። መጽሐፉም በመነካካት ብዛት ያረጅና ቤተ መጻሕፍቱ ሌላ ይገዛል። ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ አንዳንዱን ሰው ገዝቶ ወደ ማንበብ ይገፋዋል። በኢ-መጽሐፍ ግን ውጣ ውረዱ የለም፤ ፋይሉም አያረጅም። ማክሚላን የተባለው አሳታሚ ድርጅት ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ጆን ሳርጀንት በ2019 በጻፉት ደብዳቤ፣ በአሜሪካ ከሚነበቡት የድርጅቱ ኢ-መጻሕፍት 45 በመቶው ከቤተ መጻሕፍት የተዋሱ መሆናቸውን ገልጸው ነበር። ደራሲው ድርሻውን የሚያገኘው ከሽያጭ ስለሆነ ስጋቱ የደራሲም ጭምር ነው።

የቤተ መጻሕፍት ሰዎች መልስም ክብደት አለው። በተለመደው አሠራር አንድ ፈቃድ በአንድ ጊዜ የሚያገለግለው አንድ አንባቢ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ወረፋው በራሱ ውጣ ውረድ ነው። ለአንድ ፈቃድ የሚከፍሉትም ተራ ገዢ ከሚከፍለው ብዙ እጥፍ ነው። ደግሞም ለመግዛት አቅም የሌለው አንባቢ ከወረፋው ቢወጣ ወደ መደብር አይሄድም፤ ሳያነብ ይቀራል።

ክርክሩ የጦፈው በ2011 ሃርፐርኮሊንስ የተባለው አሳታሚ የእኔ ኢ-መጽሐፍ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ ፈቃዱ ያበቃል ባለ ጊዜ ነው። ለሁለት ለሁለት ሳምንት የሚዋስ መጽሐፍ በአንድ ዓመት 26 ሰው ያነበዋልና ቁጥሩ ከዚያ የተቀዳ ነው። ያን ጊዜ ብዙ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ግዢ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። በጥቅምት 2018 ፔንግዊን ራንደም ሃውስ ዘላቂ (ማብቂያ የሌለው) ፈቃድ መስጠቱን ትቶ ወደ 2 ዓመት ፈቃድ ዞረ፤ የአዋቂዎች መጻሕፍት ጣሪያ ዋጋም 55 ዶላር ሆነ። በሐምሌ 2019 ሃሼት ተከተለው።

ከሁሉም የከረረው የማክሚላን እርምጃ ነበር። ከኅዳር 1 ቀን 2019 ጀምሮ አንድ አዲስ መጽሐፍ በወጣ በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት አንድ የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት አንድ ቅጂ ብቻ በ30 ዶላር እንዲያገኝ ተወሰነ። በብዙ ቅርንጫፍ ሚሊዮን ሰው የሚያገለግለውም፣ አንዲት ትንሽ ክፍል ያለችውም እኩል አንድ ቅጂ። ተጨማሪ ቅጂ የሚገኘው ከ8 ሳምንት በኋላ፣ ለ2 ዓመት፣ በ60 ዶላር ነበር። በሲያትል ዙሪያ የሚገኘውን ኪንግ ካውንቲን ጨምሮ በርካታ ቤተ መጻሕፍት የማክሚላንን አዳዲስ ኢ-መጻሕፍት መግዛት አቆሙ። ድርጅቱ በመጋቢት 2020፣ የኮሮና ወረርሽኝ ቤተ መጻሕፍትን በዘጋበት ሳምንት፣ ገደቡን አነሣ።

ሕግ ይገላግለናል የሚል ተስፋም ነበር። የሜሪላንድ ግዛት አሳታሚዎች ለሕዝብ የሚሸጡትን ኢ-መጽሐፍ ለቤተ መጻሕፍትም «በተመጣጣኝ ውል» እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ አውጥታ ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለች። የአሜሪካ አሳታሚዎች ማኅበር ከሰሰ፤ የቅጂ መብት የፌዴራል መንግሥት ጉዳይ ነው በሚል ምክንያት ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ሕጉን ሻረው። በአውሮፓ መልኩ ይለያል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2016 የኔዘርላንድ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ባቀረበው ክርክር፣ አንድ ቅጂ ለአንድ ሰው በሚል ሥርዓት የሚደረግ የኢ-መጽሐፍ ውሰት እንደ ታተመ መጽሐፍ ውሰት ሊቆጠር ይችላል ብሏል፤ በ2019 ግን ኢ-መጽሐፍን እንደ አሮጌ መጽሐፍ መልሶ መሸጥ አይቻልም ሲል ወሰነ። በብሪታንያ ደግሞ ከሐምሌ 2018 ጀምሮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኢ-መጽሐፍ ሲያውሱ ደራሲው ከመንግሥት የተመደበ ክፍያ ያገኛል። ለደራሲ ተቆርቋሪ ነኝ ለሚል ሁሉ ይህ የብሪታንያ መንገድ ከገደብና ከእገዳ የተሻለ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ መጽሐፍ መራጩ ፊት የቀረበው የፈቃድ ዝርዝር ነው። ወደዚያው እንግባ።

በጊዜ የሚያበቃ ፈቃድ

ዛሬ ትልልቆቹ አሳታሚዎች አብዝተው የሚያቀርቡት ይህ ነው። ከተገዛበት ቀን ጀምሮ 24 ወር ይቆጥራል። አንድ ሰው ያንብበው አርባ፣ ወይም ማንም አይንካው፣ በቀኑ ከካታሎጉ ይወርዳል።

በ55 ዶላር የተገዛን አንድ መጽሐፍ እናስላ። ውሰቱ 14 ቀን ከሆነና ለአንድ ቀን እንኳ ካልቦዘነ በ2 ዓመት 52 ሰው ያነበዋል፤ አንዱ ውሰት 1 ዶላር ከ6 ሳንቲም ይወጣበታል። እውነታው ግን እንዲህ አይደለም። ወረፋ የደረሰው ሰው መጽሐፉን ለማንሣት ጥቂት ቀን ይሰጠዋል። 3 ቀን ቢሆን ዙሩ 17 ቀን ይሆንና የአንባቢው ቁጥር ወደ 43 ገደማ ይወርዳል፤ የአንዱ ውሰት ዋጋም 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም ይሆናል። የውሰቱ ጊዜ 21 ቀን ከሆነ ደግሞ ከነማንሻው 30 ውሰት ብቻ ነው። አሁን ያንኑ ፈቃድ በሁለት ዓመት 5 ሰው ብቻ ለሚያነበው የግጥም ወይም የታሪክ መጽሐፍ ገዛነው እንበል። አንዱ ውሰት 11 ዶላር ፈጀ፤ በ25ኛው ወር የሚመጣው ስድስተኛ አንባቢም መጽሐፉን አያገኘውም።

ስለዚህ ይህ ፈቃድ የሚያዋጣው ሰው ለሚሻማበት መጽሐፍ ነው፤ ያውም ፍላጎቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲዘልቅ። ተከታታይ ልብ ወለዶች፣ በየዓመቱ ለፈተና የሚፈለጉ መጻሕፍት፣ በትምህርት ቤት የሚነበቡ ሥራዎች እንዲህ ያሉ ናቸው። በጥቂት ወራት ለሚበርድ ሰሞነኛ መጽሐፍም፣ ቀስ ብሎ ለሚነበብ ቁም ነገረኛ መጽሐፍም ክፉ ምርጫ ነው።

ሌላው ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። በአንድ የበጀት ዓመት ማብቂያ ላይ በብዛት የተገዙ ፈቃዶች በአንድ ሰሞን ይሞታሉ። ያን ጊዜ በጀቱ አዲስ መጽሐፍ መግዣ መሆኑ ይቀርና የነበረውን መልሶ መግዣ ይሆናል። ግዢውን በየወሩ መበተን ቀላል ጥንቃቄ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ይዘነጋል።

በውሰት ቁጥር የሚያበቃ ፈቃድ

ሃርፐርኮሊንስ በ2011 ሲያመጣው ያን ያህል የተጮኸበት የ26 ውሰት ፈቃድ ዛሬ ከጎኑ ካሉት ጋር ሲተያይ ከፍትሐዊዎቹ አንዱ ነው። ያልተነበበ መጽሐፍ አይቆጠርም። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ሰው ለሚጠይቀው መጽሐፍ 26 ውሰት ከ8 ዓመት በላይ ያቆያል። ፈቃዱ 30 ዶላር ቢሆን አንዱ ውሰት 1 ዶላር ከ15 ሳንቲም ነው፤ ቢፈጥንም ቢዘገይም ዋጋው አይለወጥም።

ድክመቱ በሚሻሙበት መጽሐፍ ላይ ይወጣል። በ14 ቀን ውሰት በአንድ ዓመት ውስጥ ያልቃል። ታዋቂ መጽሐፍ ሲሆን ወረፋው ገና ሳይቃለል እንደገና መግዛት ይመጣል። ያም ሆኖ ገንዘቡ የሄደው በእርግጥ ለተነበበ ንባብ ስለሆነ የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተ መጻሕፍት የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። የውሰት ጊዜን ማሳጠርና ማስረዘም በሁለቱ ፈቃዶች ላይ ተቃራኒ ውጤት አለው። በጊዜ በሚያበቃው ላይ አጭር ውሰት ብዙ አንባቢ ያስተናግዳል። በቁጥር በሚያበቃው ላይ ግን አጭር ውሰት ጉዳት ነው፦ ሰውየው ሳይጨርስ ጊዜው ያልቅበትና ያንኑ መጽሐፍ ደግሞ ይዋሳል፤ ለአንድ ንባብ ሁለት ውሰት ይቆጠራል። ስለዚህ ለወፍራም መጻሕፍት በቁጥር የሚያበቃ ፈቃድ ካላችሁ የ21 ቀን ውሰት ፍቀዱ፤ በጊዜ በሚያበቃውና ወረፋ ባለበት ላይ 14 ቀን ይበቃል። የምትጠቀሙበት መድረክ (ኢ-መጻሕፍቱ የሚዋሱበት የአቅራቢው ሥርዓት) በየመጽሐፉ እንድታስተካክሉ የማይፈቅድ ከሆነ ስብስባችሁ በየትኛው ዓይነት ፈቃድ እንደሚያመዝን አይታችሁ ወስኑ።

ሁለቱን ገደቦች ደርበው «2 ዓመት ወይም 52 ውሰት፣ ቀድሞ የሞላው» የሚሉ ውሎችም አሉ። በ14 ቀን ውሰት 52 ጊዜ የሚሞላው ያለ አንዳች ክፍተት ሲዋስ ስለሆነ በተግባር የሚቀድመው ጊዜው ነው። እንደ 2 ዓመት ፈቃድ ቁጠሩት።

በእያንዳንዱ ውሰት የሚከፈል

በዚህ ዓይነቱ ቤተ መጻሕፍቱ አስቀድሞ ምንም አይገዛም። ሺህ መጻሕፍት ያሉበት ካታሎግ ለአንባቢው ይከፈታል፤ ሰው በተዋሰ ቁጥር ሂሳብ ይመጣል። ወረፋ የለም። በ2013 የተጀመረው ሁፕላ የተባለው አቅራቢ በዋናነት የሚታወቀው በዚህ አሠራር ነው።

አንባቢው ይወደዋል፤ የበጀት ኃላፊውን ግን እንቅልፍ ይነሣዋል። ብዙ ሰው በወደደው ቁጥር ሂሳቡ ያድጋል፤ ሂሳቡ ሲያድግ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ የወደዱትን ሰዎች መገደብ ይጀምራል። በስዊድን ቤተ መጻሕፍት ኤሊብ በተባለው አቅራቢ በኩል ለእያንዳንዱ የኢ-መጽሐፍ ውሰት 20 ክሮነር ይከፍሉ ነበር። ውሰቱ ሲበዛ በጀታቸው አልችል ስላለ ብዙዎቹ አንድ ሰው በሳምንት የሚዋሰውን መጽሐፍ ቁጥር ለመወሰን ተገደዱ። ሌላም አለ፦ ክፍያው ሲቋረጥ እጅ ላይ የሚቀር አንድም መጽሐፍ የለም።

እንዲያም ሆኖ ትክክለኛ ቦታው ላይ ሲውል ከሁሉም የሚያዋጣ ነው። ልኬቱ ቀላል ነው። የ2 ዓመቱን ፈቃድ ዋጋ ለአንድ ውሰት በሚከፈለው አካፍሉ። ፈቃዱ 55 ዶላር፣ ውሰቱ 3 ዶላር ቢሆን መልሱ 18 ይሆናል። በሁለት ዓመት ውስጥ እስከ 18 ጊዜ ብቻ ይዋሳል ብላችሁ ለምትገምቱት መጽሐፍ በውሰት መክፈል ይሻላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ፈቃዱን ግዙ። ብዙ ሰው የማይጠይቃቸው፣ ግን የሚጠይቃቸው ሰው አጥብቆ የሚፈልጋቸው መጻሕፍት በዚህ መንገድ ይስተናገዱ። በሰው የወር ገደብ አድርጉበት፤ የወሩ ጠቅላላ ጣሪያም ይኑረው። ጣሪያው ሲሞላ አንባቢው ምን የሚል መልእክት እንደሚያይም አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ጥቅል ውሰትና በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው የሚከፈት ፈቃድ

በ2021 የአማዞን አሳታሚ ክፍል ከአሜሪካ ዲጂታል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጋር ተስማማ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ አማዞን ራሱ የሚያሳትማቸው ኢ-መጻሕፍት ለቤተ መጻሕፍት አይሰጡም ነበር። ስምምነቱ ካመጣቸው አማራጮች አንዱ የ40 ውሰት ጥቅል ነው፤ በአንድ ጊዜ እስከ 10 ሰው ያነበዋል፤ የጊዜ ገደብ የለውም። እኔ ካየኋቸው የፈቃድ ዓይነቶች ሁሉ ለቤተ መጻሕፍት ባሕርይ የሚቀርበው ይህ ነው። ጥድፊያ ሲመጣ ለአሥር ሰው ይከፈታል፤ ጥድፊያው ሲያልፍ የቀረው ውሰት ሳይበላሽ ይቀመጣል።

ልዩነቱን ለማየት 60 ሰው የተሰለፈበትን አንድ አዲስ መጽሐፍ እንውሰድ። ለ6 ሰው አንድ ቅጂ በሚል ደንብ ከሄድን 10 የ2 ዓመት ፈቃድ፣ 550 ዶላር፣ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ሰው ሁሉም ጊዜውን እስኪጨርስ ከጠበቀ 70 ቀን ይቆያል። ወረፋው ሦስት ወር ገደማ ባልሞላ ጊዜ ይጠናቀቃል። ከዚያ በኋላ አሥሩ ፈቃዶች 21 ወር ያህል አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሥራ ተቀምጠው በአንድ ቀን ይሞታሉ። በጥቅሉ ግን 40 ሰው በአራት ዙር፣ በ56 ቀን ያነባል፤ ለቀሩት 20 ሰዎች የሁለተኛ ጥቅል ግማሽ ይበቃል፤ የተረፈው ውሰት ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚመጣ አንባቢ ይጠብቃል። ጥቅል የማይሰጥ አሳታሚ ከሆነ ጥቂት ፈቃድ ገዝቶ የጥድፊያውን ሰሞን በውሰት በሚከፈል ማስታገስ ይቻላል፤ ያ አሳታሚ ሁለቱንም የሚያቀርብ ከሆነ ማለት ነው።

ለንባብ ክበባትና ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ በአንድ ጊዜ ለብዙ የሚከፈት ፈቃድ ከሌለ ሌላው ሁሉ አይረባም። ሃያ ሰው በአንድ ወር የሚወያይበትን መጽሐፍ ተራ በተራ አያነብም።

ዘላቂ ፈቃድ፣ እና እውነተኛ ባለቤትነት

አነስተኛና መካከለኛ አሳታሚዎች ዛሬም ማብቂያ የሌለው ፈቃድ ይሰጣሉ፦ አንድ ቅጂ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው፣ ለሁልጊዜ። ዋጋው ከፍ ቢልም ለማጣቀሻ መጻሕፍት፣ ለትርጉም ሥራዎች፣ ለአካባቢና ለሙያ መጻሕፍት፣ ለግጥም ከዚህ የተሻለ የለም።

«ለሁልጊዜ» የሚለው ቃል ግን ማስታወሻ ያስፈልገዋል። ፋይሉ የተቀመጠው በአቅራቢው መድረክ ላይ ነው። የመድረኩ ዓመታዊ ክፍያ ከተቋረጠ ዘላቂው ፈቃድ ወረቀት ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው በነሐሴ 2024 የአሜሪካ ዲጂታል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከኢንዲፔንደንት ፐብሊሸርስ ግሩፕ ጋር ያደረገው ስምምነት ትልቅ ትርጉም የሚሰጠው፦ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአነስተኛ አሳታሚዎች ኢ-መጻሕፍትና የድምፅ መጻሕፍት ለቤተ መጻሕፍት በባለቤትነት የሚሸጡበትን መንገድ ከፈተ። ከትልልቆቹ አሳታሚዎች እንዲህ ያለ ነገር የለም። የሚቻል መሆኑን ግን አሳይቷል።

በጀታችሁ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ከኢ-መጽሐፍ ገንዘባችሁ የተወሰነውን ድርሻ ለማያልቅ ፈቃድ ብቻ ለዩት እላለሁ። የትኛውን ያህል የሚለው እንደ ቤቱ ነው። ሁሉም ገንዘብ በሚያልቅ ፈቃድ ላይ ከዋለ ቤተ መጻሕፍቱ ከአሥር ዓመት በኋላ የዘንድሮውን ያህል ቢከፍልም እጁ ላይ የሚቆጠር ስብስብ አይኖረውም።

የቅጂ መብታቸው ያለቀባቸውን መጻሕፍት በክፍያ አትግዙ። ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከ1971 ጀምሮ በነፃ ሲያሰራጭ ኖሯል፤ አንዳንድ መድረኮችም እነዚህን መጻሕፍት ወደ ካታሎጋችሁ ያለ ወረፋ ያስገቡላችኋል።

ራስ ስካን አድርጎ ማዋስስ?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፦ የገዛነውን የታተመ መጽሐፍ ስካን አድርገን፣ የታተመውን ቆልፈን፣ በምትኩ አንድ ዲጂታል ቅጂ ብናውስስ? ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የአሜሪካ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ለዓመታት የሠራው ይህንኑ ነው። በመጋቢት 2020 በወረርሽኙ ምክንያት የአንድ ለአንድ ገደቡን ለጊዜው አነሣ፤ በሰኔ ወር ሃሼት፣ ሃርፐርኮሊንስ፣ ዋይሊና ፔንግዊን ራንደም ሃውስ በ127 መጻሕፍት ላይ ተመሥርተው ከሰሱት። በመጋቢት 2023 የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለአሳታሚዎቹ ፈረደ፤ በመስከረም 2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም አጸናው። ውሳኔው ገደቡ በተነሣበት ሰሞን ላይ ብቻ የቆመ አልነበረም፤ አንድ ለአንዱንም አሠራር አልተቀበለውም። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት ከውሰት ወጥተዋል።

አሠራሩን በልቤ እደግፈዋለሁ፤ በተለይ ኢ-መጽሐፋቸው ጨርሶ ለማይሸጥ፣ ከኅትመት ለወጡ ሥራዎች። እንደ መራጭ ግን የቅጂ መብት ባለቤቱ በሚታወቅና ኢ-መጽሐፉ በገበያ ላይ ባለ መጽሐፍ እንዲህ አድርጉ ብዬ አልመክርም። አንድ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያለውን የፍርድ ቤት ሙግት አይችለውም። ደራሲው ወይም ወራሹ በሕይወት ካለ ፈቃዱን በጽሑፍ መጠየቅ ይቀድማል፤ ሥራው የተረሳበት ደራሲ ብዙ ጊዜ ደስ ብሎት ይፈቅዳል።

ከመፈረም በፊት

መድረኩም ከፈቃዱ እኩል ይመረመር። በ2017 የወጣው ሊቢ የተባለው መተግበሪያ ለቤተ መጻሕፍት ኢ-መጽሐፍ የሚያቀርበው የኦቨርድራይቭ ድርጅት ነው፤ ለአንባቢ እጅግ ምቹ ነው። ዘ ፓላስ ፕሮጀክት ደግሞ ለትርፍ ባልቆሙ ድርጅቶች የሚመራ ሲሆን፣ ከተለያዩ አቅራቢዎች የተገዙ መጻሕፍትን በአንድ መተግበሪያ ያሳያል። አንድ አቅራቢ ብቻ ያለው ቤተ መጻሕፍት የመደራደር አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ይህ የኋለኛው ጠባይ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ውሉ ውስጥ ከሁሉ በፊት የምፈልገው መጻሕፍቱን ወደ ሌላ መድረክ የማዛወር መብት ነው። በ2011 የካንሳስ ግዛት ቤተ መጻሕፍት ከኦቨርድራይቭ ጋር በክፍያ ጭማሪ ሳይስማማ ሲቀር፣ በውሉ መሠረት የገዛኋቸው መጻሕፍት የእኔ ናቸው ብሎ ተከራከረ። ከዚያም አሳታሚዎቹን አንድ በአንድ እየጠየቀ የብዙዎቹን ፈቃድ አገኘና ስብስቡን ይዞ ወደ ሌላ አቅራቢ ተዛወረ። ያን ሁሉ ድካም ያዋጣው በውሉ ላይ ስለ ማዛወር የሚናገር አንቀጽ መኖሩ ነበር። እንዲህ ያለ አንቀጽ ከሌለ ጠይቁ፤ «አንሰጥም» ቢሉም መልሱ በጽሑፍ ይሁን። የአንባቢው ስምና የንባብ ታሪክ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ፣ ለስንት ጊዜ፣ ለሦስተኛ ወገን ይተላለፍ እንደሆነም አብሮ ይጠየቅ።

ከፈረማችሁ በኋላ ትልቁ ሥራ እድሳት ነው። ፈቃዶች ሊያበቁ ሦስት ወር ሲቀራቸው ዝርዝራቸውን ከመድረኩ አውጡ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ስንት ጊዜ እንደተዋሰ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተዋሰው መቼ እንደሆነ፣ አሁን ስንት ሰው እንደሚጠብቀው ጻፉ። ወረፋ ያለበት ወዲያው ይታደስ። ከ18 በታች የተዋሰው (ወይም እናንተ በራሳችሁ ዋጋ ያሰላችሁት ቁጥር) በውሰት ወደሚከፈለው ይዛወር። የመጨረሻ ውሰቱ ከዓመት በላይ የሆነው ለጊዜው ይለፍ። የተከታታይ ልብ ወለድ አንደኛ ክፍል ግን ቁጥሩ ምንም ቢል አይለፍ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክፍል ገዝታችሁ አንደኛው ከጠፋ የቀሩት ተነባቢ አያገኙም። አሳታሚው በዚያ መካከል የፈቃዱን ዓይነት ለውጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ከማደሳችሁ በፊት የቀረበላችሁን አማራጭ እንደ አዲስ ግዢ ቆጥራችሁ ከመጀመሪያው አስሉት።